መድኃኒት ለሕዝብ ሲገዛ፦ የሰቆጣ ዙሪያ ፋርማሲስቶች ሥራና የእኛ ድርሻ

ለዋግ ኽምራ የጤና አገልግሎት እርዳታ የሚያሰባስቡ ማኅበረ ምዕመናን የሚያቀርቡልን ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ገንዘቡን ከላክን ወራት አልፈዋል፤ መድኃኒቱ ግን ገና ጤና ጣቢያው አልደረሰም። ለምን ከገበያ ገዝታችሁ በመኪና ጭናችሁ አታደርሱም?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሳንባ ምች የታመመ ልጇን አዝላ ሰዓታት የተጓዘች እናት «አሞክሳሲሊን አልቋል» ተብላ መመለሷን የሰማ ሰው ሌላ ምን ሊጠይቅ ይችላል? በየፕሮጀክቱ የተመደቡ ሠራተኞችም ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ያነሡታል፤ የፋርማሲ ባለሙያው ከሚጠይቃቸው ቅጽ፣ ማኅተምና ፊርማ ብዛት የተነሣ ሥራው ሆነ ተብሎ የሚጓተት ይመስላቸዋል። ስለዚህ በመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ መድኃኒት እንዴት እንደሚገዛና እያንዳንዱ ሥርዓት ለምን እንደ ተደነገገ በዚህ እትም ለማስረዳት አስበናል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከክልሉ ርእሰ ከተማ ከባሕር ዳር ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በከተማው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ከዚያ ወጣ ሲባል በሰቆጣ ዙሪያ፣ በደሃና፣ በጋዝጊብላ፣ በዝቋላ፣ በሳህላ፣ በአበርገሌና በጻግብጂ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ይገኛሉ። የመሬቱ አቀማመጥ ከብርዳማው ደጋ እስከ ተከዜ ቆላ ስለሚዘልቅ የሕመሙም ዓይነት እንደየቀበሌው ይለያያል። ደጋው ላይ ሳል የሚበረታበት ወቅት ከቆላው የወባ ወራት ጋር አይገጥምም። አንድ ሸክም መድኃኒት ተሳስቶ ከተገዛ እዚህ አገር የሚመለስበት መንገድ የለም።

መድኃኒት እንደ ጤፍ አይደለም

ጤፍ የሚገዛ ሰው እፍኝ አንሥቶ ያየዋል፤ ማኛ ይሁን ሠርገኛ፣ አፈር ይኑርበት አይኑርበት ዓይኑ ይነግረዋል። መድኃኒት ግን እንዲህ አይፈተሽም። ነጩ እንክብል ውስጥ የተባለው ንጥረ ነገር በተባለው መጠን መኖሩን ሐኪሙም፣ ፋርማሲስቱም፣ በሽተኛውም በዓይን አይተው ሊያውቁ አይችሉም። ከዚህም ሌላ መድኃኒቱን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው፤ የሚገዛው ተቋሙ ነው፤ የሚውጠው በሽተኛው ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ መድን፣ አንዳንድ ጊዜ መንግሥት፣ አንዳንድ ጊዜም እናንተ ናችሁ። የራሱን ገንዘብ ይዞ ለራሱ እንደሚሸምት ሰው የሚጠነቀቅ አንድም አካል ስለሌለ ጥንቃቄው በሥርዓት መተካት አለበት።

ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚዘዋወሩት የሕክምና ምርቶች ከ10 አንዱ ከደረጃ በታች የሆነ ወይም አስመስሎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚሆኑ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ሞተዋል፤ የተጠረጠረው ከውጭ አገር የገባ የሳል ሽሮፕ ነበር። ሽሮፑ ሲመረመር ለመድኃኒት የማይውል መርዛማ ኬሚካል ተገኝቶበታል። እነዚያ ወላጆች ሽሮፑን ለልጆቻቸው ሲያጠጡ ጠርሙሱ እንደማንኛውም ጠርሙስ ነበር። «ከገበያ ገዝታችሁ ለምን አታደርሱም» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልሳችን ይኸው ነው።

ምን ይገዛ?

የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። አሳቡ ቀላል ነው። በዓለም ላይ በአሥር ሺህ የሚቆጠር የመድኃኒት ስም ቢኖርም ለአብዛኛው ሕዝብ አብዛኛው ሕመም በጥቂት መቶ መድኃኒቶች ይታከማል። አገራችንም የራሷ ዝርዝር አላት፤ እያንዳንዱ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያም ከዚያ ውስጥ ለደረጃው የሚስማማውን መርጦ የራሱን ያዘጋጃል። ምርጫውን የሚያደርገው የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ የሚባለው ነው፤ በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የላቦራቶሪ ባለሙያ ይቀመጣሉ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ሲታዘዝ በፋብሪካ ስም አይታዘዝም። ሕዝባችን «ፓናዶል»፣ «ፍላጂል»፣ «ባክትሪም» ይላል፤ በግዥ ወረቀት ላይ ግን ፓራሲታሞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትራይሞክሳዞል ተብሎ፣ ጥንካሬው በሚሊ ግራም፣ ቅርጹ እንክብል ወይም ሽሮፕ መሆኑ፣ በአንድ ማሸጊያ ስንት እንደሚኖር ይጻፋል። በፋብሪካ ስም ከተጻፈ አንድ ሻጭ ብቻ ያሸንፋል፤ በመድኃኒቱ የጋራ ስም ከተጻፈ ግን ደረጃውን የጠበቀ ሁሉ ይወዳደራል፤ ዋጋም ይወርዳል። «ፓናዶል ላኩልን» የሚል ደብዳቤ የሚጽፉልን ወገኖች ደግነታቸውን እናመሰግናለን፤ ፋርማሲስቱ ደብዳቤውን «ፓራሲታሞል» ብሎ ቢያርመው ግን አይከፉ።

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ሲሆን፣ ሁልጊዜም አይበቃም፣ ፋርማሲስቱ መድኃኒቶቹን በሦስት ይከፍላቸዋል። ሕይወት አድን የሆኑት ቀድመው ይገዛሉ፤ በወሊድ ጊዜ ደም መፍሰስን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀጥሎ እጅግ አስፈላጊ የሆኑት፣ በመጨረሻ ቢቀሩም ሰው የማይሞትባቸው ይመጣሉ። በዚህ ላይ ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የትኞቹ እንደ ሆኑ ለብቻው ይሰላል። አንድ ተቋም ለቫይታሚን የሚያወጣው ለኦክሲቶሲን ከሚያወጣው በልጦ ከተገኘ ኮሚቴው የሚነጋገርበት ጉዳይ አገኘ ማለት ነው።

ስንት ይገዛ?

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ቢገዛ ጊዜው ያልፍበታል፤ ጥቂት ቢገዛ እናቲቱ ባዶ እጇን ትመለሳለች። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ሥራ ላይ በዋለው የተቀናጀ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት መሠረት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላሉ። በመጋዘናቸው የሚኖረው ከፍተኛ ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ፍጆታ ሲሆን፣ የሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀር የአስቸኳይ ጊዜ ጥያቄ ይቀርባል። ለጤና ኬላ ደግሞ ከፍተኛው የ2 ወር፣ ዝቅተኛው የ1 ወር ነው።

ሒሳቡን አንባቢ እንዲከታተለው በምሳሌ እናሳይ። አንድ ጤና ጣቢያ በ60 ቀን ውስጥ 1,800 የሕፃናት አሞክሳሲሊን እንክብል አወጣ እንበል። ጥንቃቄ የጎደለው ሰው «የሁለት ወር ፍጆታ 1,800 ከሆነ የአራት ወር 3,600 ነው» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ቢን ካርዱ ሲታይ ከ60ው ቀን 24ቱን ቀን መድኃኒቱ ጨርሶ አልነበረም። ስለዚህ 1,800ው የወጣው በ36 ቀን ነው፤ ይኸውም በቀን 50 ነው። ለ120 ቀን 6,000 ያስፈልጋል ማለት ነው። በመጋዘን የቀረው 500 ከሆነ መጠየቅ ያለበት 5,500 ነው። በመጀመሪያው ስሌት ግን 3,100 ብቻ ይጠይቅ ነበር።

ልዩነቱ 2,400 እንክብል ነው። እጥረት የነበረበት ጤና ጣቢያ በተሳሳተ ስሌት ከጠየቀ የተላከለት ቶሎ ያልቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ፍጆታው ያነሰ ይመስላል፤ ከዚያም ከቀድሞው ያነሰ ይላክለታል። ድህነት በሒሳብ ሰሌዳ ላይ ራሱን እየወለደ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው መድኃኒት ያለቀበትን ቀንና የገባበትን ቀን በቢን ካርድ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። ፋርማሲስቱ ከእንግዳ ጋር ከመጨዋወት ይልቅ ካርዱ ላይ ማፍጠጡ ቅር የሚያሰኛቸው ጎብኚዎች አሉ፤ እኛ ግን እንዲያ ሲያደርግ ስናይ ደስ ይለናል።

ደግሞም ያለፈው ሁልጊዜ የሚመጣውን አይነግርም። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ ቆላ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበረታል፤ የሐምሌውን ፍጆታ ይዞ የጥቅምቱን የሚጠይቅ ሰው ይሳሳታል። ከጦርነት በኋላ ደግሞ መዝገቡ ራሱ የለም። ሰቆጣ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ለወራት በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜና ከዚያም በኋላ በዞኑ አያሌ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ሕዝብም ወደ ሰቆጣ ገብቷል። መዝገብ በሌለበትና ሕዝቡ በተፈናቀለበት ቦታ ስሌቱ ከሰው ቁጥርና ከሚጠበቀው የሕመም ብዛት ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ድርጅቶች ለ10,000 ሰው ለ3 ወር የሚሆን የአስቸኳይ ጊዜ የመድኃኒት ሣጥን ያዘጋጁት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሣጥኑ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ጠቃሚ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ ግን የማያስፈልገው እየተከማቸ የሚያስፈልገው ስለሚያልቅ በቶሎ ወደ መደበኛው ጥያቄ መመለስ ይገባል።

ከማን ይገዛ?

የመንግሥት ጤና ተቋም መጀመሪያ የሚጠይቀው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትን ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ የተቋቋመው ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ከእርሱ በፊት የነበረውን ፋርሚድን ያስታውሱታል። በአማራ ክልል በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በደሴ ቅርንጫፎች አሉት። የሥራው መሠረት ሁለት ነው። አንደኛው የሺህ ተቋማትን ጥያቄ አንድ ላይ አድርጎ በጅምላ መግዛት ነው፤ አንድ ጤና ጣቢያ አንድ ካርቶን ሲጠይቅ የሚነገረውና አገር በሙሉ ሲጠይቅ የሚነገረው ዋጋ ፈጽሞ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ተዘዋዋሪ ፈንድ የሚባለው ነው፤ መድኃኒቱ ተሸጦ የሚገኘው ገንዘብ ተመልሶ መድኃኒት ይገዛበታል። የኤች.አይ.ቪ.፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የወባና የመሳሰሉት የፕሮግራም መድኃኒቶች ግን በነጻ ይሰጣሉ፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ እርዳታ የሚገዙ በመሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅቱን ሲዘጋ በብዙ አገሮች ሥጋት ተፈጥሯል።

አገልግሎቱ የተጠየቀው መድኃኒት የለኝም ሲል፣ ይህንንም በጽሑፍ ሲያረጋግጥ፣ ተቋሙ ከግል አስመጪና አከፋፋይ ሊገዛ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመንግሥት ግዥ ሕግ ይሠራል። በፌዴራል ደረጃ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው አዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሉም የራሱ የግዥና ንብረት አስተዳደር ሕግ አለው። የሕጎቹ መንፈስ አንድ ነው። ዋናው መንገድ ለሁሉም ክፍት የሆነ ግልጽ ጨረታ ነው። ገንዘቡ አነስተኛ ሲሆን ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ይወዳደራል። በተወሰኑ አቅራቢዎች መካከል ብቻ የሚደረግ ውስን ጨረታም አለ። ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት የሚፈቀደው ሌላ አማራጭ በማይኖርበት ወይም እውነተኛ ድንገተኛ ችግር ሲገጥም ነው፤ ምክንያቱም በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

እዚህ ላይ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ትልቁን ግዥ ከፋፍሎ በትናንሽ ፕሮፎርማ መግዛት በሕግ የተከለከለ ነው። አንዳንዴ በቅን ልብ፣ «ቶሎ እንዲደርስ» ተብሎ ይደረጋል። ውጤቱ ግን ውድ ዋጋና በየወሩ የሚለዋወጥ የመድኃኒት ዓይነት ነው። ደግሞም ሦስት ፕሮፎርማ ማለት ሦስት ወረቀት ማለት አይደለም፤ አንድ ባለቤት በሦስት ድርጅት ስም የሚጽፈው ወረቀት ውድድር አይባልም። ይህን ለመለየት የሚያስቸግር ነገር የለም፤ የስልክ ቁጥሩንና የፊደሉን አጣጣል ማየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

አቅራቢው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አያሸንፍም። ፈቃዱ የታደሰ መሆኑ፣ የሚያቀርበው መድኃኒት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑ፣ ከዚህ በፊት በውሉ መሠረት በጊዜው ማቅረቡ ይታያል። የመጨረሻው በተለይ አይዘነጋ። በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፎ አራት ወር የዘገየ አቅራቢ ለሰቆጣ ውድ ነው፤ የዘገየበትን ቀን ጽፎ በፋይሉ ያስቀመጠ ፋርማሲስት በሚቀጥለው ዓመት የሚናገረው አለው።

አንድ ሰው ሁሉን አያድርግ

የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ መልካም የመድኃኒት ግዥ ባወጡት መመሪያ ውስጥ አሥራ ሁለት መርሖዎች ተዘርዝረዋል። ከላይ ያነሣናቸው ብዙዎቹ ከዚያው ናቸው። እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥብን የሥራ ክፍፍል የሚለው ነው፤ ይኸውም የሚመርጠው፣ መጠኑን የሚያሰላው፣ አቅራቢውን የሚወስነው፣ ዕቃውን የሚረከበውና ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው መሆን የለበትም የሚል ነው። ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ለድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ቲቶና ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲይዙት ያደረገው ነቀፋ እንዳይመጣ ብሎ ነው። ሥርዓቱ ታማኙን ሰው ከሐሜት የሚጠብቅ አጥር ነው።

በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ከክልላችን ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት የተባለ አሠራር ተጀመረ። ከዚያ በፊት የመድኃኒት መዝገብ በአብዛኛው በጥቅሉ ስለሚያዝ ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ያህሉ ተበላሸ ለማለት ኦዲተር ቢመጣም አስቸጋሪ ነበር። በአዲሱ አሠራር እያንዳንዱ ዕቃ ከነዋጋው ይመዘገባል፤ ሽያጩ በቁጥር በተሰጠው ቲኬት ይከናወናል፤ ቆጠራ ይደረጋል፤ የገንዘቡና የዕቃው ሒሳብ መታረቅ አለበት። አሠራሩ በአማራ ክልል በሕግ ተደግፎ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎች ተዳርሷል። ከሩቅ አገር የመጣ ትምህርት ሳይሆን ጎጃም ውስጥ በራሳችን ባለሙያዎች የተሞከረ መሆኑ ደስ ያሰኘናል።

መድኃኒቱ ሲደርስ

መኪናው ደርሶ ካርቶኑ ሲወርድ ሁሉም ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ለፋርማሲስቱ ግን ያን ጊዜ ይጀመራል። ስሙን፣ ጥንካሬውን፣ የምርት ቁጥሩን፣ የሚያበቃበትን ጊዜ ከውሉ ጋር ያመሳክራል፤ ካርቶኑ የረጠበ ወይም የተከፈተ ከሆነ ለይቶ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ ሞዴል 19 ይቆረጣል። ዕቃው ሳይታይ ሞዴል 19 እንዲቆረጥ ሾፌሩ ቸኩሎ ቢለምን፣ የመጣው ሾፌር የራሳችን ድርጅት ሾፌር ቢሆን እንኳ፣ እሺ ማለት የለበትም። በመደርደሪያው ላይም ቀድሞ የገባው ሳይሆን ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃው ፊት ይደረጋል።

ስለ ኦክሲቶሲን አንድ ነገር ለብቻው እንጨምር። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል፤ መልኩ ግን አይለወጥም። አዋላጇ የደማችውን እናት ትወጋለች፤ ደሙ አይቆምም፤ ጥፋቱ የመድኃኒቱ መሆኑን የሚያውቅ ግን የለም። ስለዚህ ኦክሲቶሲን ሲገዛ የመጓጓዣው ቅዝቃዜና በጤና ጣቢያው ያለው ፍሪጅ የግዥው ክፍል ናቸው። መብራት በሚቋረጥበት ቦታ የፀሐይ ፍሪጅ ሳይኖር ኦክሲቶሲን ብቻ መላክ ገንዘብ ማባከን ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ገንዘቡ

በጊዜው የሚከፍል ተቋም ርካሽ ዋጋ ያገኛል፤ የማይከፍል ግን የዘገየበትን ሁሉ በሚቀጥለው ጨረታ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይከፍለዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሙከራው ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ቦታ ተስፋፍቷል፤ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም መድኑ ለተቋሙ የሚመልሰው ክፍያ ሲዘገይ ፋርማሲስቱ ቀጣዩን ግዥ የሚፈጽምበት ገንዘብ ያጣል።

የብር ዋጋም ሌላ ፈተና ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ሁሉ ተወደደ። በአሮጌው ዋጋ የተሸጠ መድኃኒት የሚያስገኘው ገንዘብ አዲሱን አይተካም፤ ተዘዋዋሪው ፈንድ በዞረ ቁጥር እየኮሰሰ ይሄዳል። ዋጋው ሲስተካከል ደግሞ ድሃው አይችለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከማኅበረ ምዕመናን የሚላክ ገንዘብ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ተዘዋዋሪውን ፈንድ ወደ ነበረበት አቅም ለመመለስ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚገዛ መቶ ካርቶን ፎቶግራፍ ለማንሣት ያምራል፤ ፈንዱ ግን በየሁለት ወሩ ይገዛል።

ስለ ዕቃ ስጦታ

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን መድኃኒት በሻንጣ ሰብስበው ሊልኩልን ይጠይቁናል። ፍቅራቸውን እናውቃለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1988 አርሜንያ በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ የሆነውን እንንገራቸው። ከዓለም ዙሪያ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተላከ። ምን እንደ መጣ ለይቶ ለማወቅ 50 ሰዎች ስድስት ወር ፈጀባቸው። ከመጣው 8 በመቶው ጊዜው ያለፈበት ነበር፤ 4 በመቶው በውርጭ ተበላሸ፤ ከቀረውም በቀላሉ ሊለይ የቻለው 30 በመቶው ብቻ ነበር፤ አብዛኛው የተጻፈበት የፋብሪካ ስም ብቻ ነበርና። ወደ ጎረቤታችን ኤርትራም እ.ኤ.አ. በ1989 ሰባት የጭነት መኪና ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን ተልኮ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ወስዷል።

ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት፣ ቀይ መስቀልና ሌሎችም በጋራ ስለ መድኃኒት ስጦታ መመሪያ አወጡ፤ በኋላም ታርሟል። በመመሪያው መሠረት ተቀባዩ ሳይጠይቅና ሳይስማማ መድኃኒት አይላክም፤ የሚላከው በተቀባዩ አገር የተፈቀደና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ መሆን አለበት፤ በሽተኛ ተጠቅሞ የመለሰው ወይም በናሙና የተሰጠ አይላክም፤ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይገባል፤ ጽሑፉም የጤና ባለሙያው በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት። በዋግ ኽምራ ኽምጣና፣ አማርኛና ትግርኛ ይነገራሉ፤ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ካርቶን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምኗም አይደለም።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ዙር ስጦታ የምታዘጋጁ ማኅበረ ምዕመናን የዕቃ ዝርዝር ከራሳችሁ አሳብ አትጻፉ። የፕሮጀክት ሠራተኞች የጤና ጣቢያውን የመጨረሻ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ቅጂ ከፋርማሲስቱ ተቀብለው ይልኩላችኋል፤ «የለም» ተብሎ የተመለሰው መድኃኒት በዚያ ላይ ይታያል። ገንዘቡን በምትልኩበት ጊዜም የማጓጓዣውን ወጪ አስቡበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ስለሚዘጉ የጭነት ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። መኪናው ጤና ጣቢያው በር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ እስከ ጤና ኬላው ያለውን መንገድ መድኃኒቱ በአንዳንድ ቀበሌ በአህያና በበቅሎ፣ በአንዳንዱም በሰው ጀርባ ይሄዳል። ለዚህ ጉዞ የሚከፈል በጀት በጤና ጣቢያው ሒሳብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።